የግራር አምባ ካርዶች

የሻረግ ውቤ ወደ ስማዳ የተመደበችው በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር የተወለደች የገበሬ ልጅ ስለነበረች ዳገት ቁልቁለት አያስፈራትም። የምደባ ደብዳቤዋን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ፍራሿን በአህያ አስጭና ከወረዳው ከተማ ከወገዳ ስትነሣ ጸሐይዋ ገና አልሞቀችም። ግራር አምባ ስትደርስ ግን ትምህርት ቤቱን አልፋው ሄደች። ጭቃው የተላላጠ፣ መዝጊያ የሌለው ረጅም ቤት ነበርና የጭድ ማስቀመጫ መስሏታል።

ባቄላ ሲያርም የነበረ አንድ ገበሬ ቀና ብሎ አያት።

«እኅቴ፣ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ? እንግዲያው አልፈሽዋል።»

ይህ ሰው ንጉሴ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማረፊያ የሰጣትም እሱ ነው፤ ከቤቱ ጎን ለከብት የሠራትን ትንሽ ጎጆ ሚስቱ ካሰች አስጠርጋ፣ በእበት አስለቅልቃ፣ መደብ አበጅታ ሰጠቻት። ሁለቱም በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለሚበልጧት «አያ ንጉሴ» «እቴ ካሰች» ትላቸው ጀመር። ሌላ ልጅ አልበረከተላቸውም፤ ያለቻቸው ፈትለወርቅ ብቻ ናት። ፈትለወርቅ ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ጠዋት ጠዋት የአስተማሪዋን ደብተር ተሸክማ ከፊት ከፊት መሄድን እንደ ሹመት ትቆጥረው ነበር።

የሻረግ ሒሳብ ታስተምር ነበር፤ ሒሳብም ትወድ ነበር። የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለ መረጃና ስለ ግራፍ የሚናገር አንድ ምዕራፍ አለ። ብዙ አስተማሪ «ጊዜ አልበቃንም» ብሎ ይዘለዋል። እሷ አልዘለለችውም። የምዕራፉ ምሳሌ ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ፋብሪካ በየዓመቱ ስንት ቶን ሲሚንቶ እንዳመረተ በቆመ በቆመ አምድ ተሥሏል። በ1976 መጀመሪያ ይህን ገጽ ገልጣ ማስረዳት ስትጀምር ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ሲሚንቶ ይበላል?»

ክፍሉ ሳቀ። የሻረግም ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ስታስበው ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ያላዩትን ነገር ብዛት ቢሥሉት ምን ይገባቸዋል? ስለዚህ በማግሥቱ መጽሐፉን ዘጋችና እንዲህ አለቻቸው፤

«ከዛሬ ጀምሮ የምንቆጥረው የራሳችንን ነው። እያንዳንዳችሁ የቤታችሁን፣ ከዚያም ልጁ ትምህርት ቤት ያልመጣለትን የጎረቤታችሁን ትጠይቃላችሁ። ስንት ሰው አለ? በሬ አለ ወይስ የለም? ምን ተዘራ? እህሉ እስከሚቀጥለው አዝመራ ያደርሳል ወይስ አያደርስም?»

ወገዳ ካሉ ሱቆች የሳሙና ካርቶን ለምና አመጣች። ልጆቹ ካርቶኑን በመዳፍ ልክ ቆረጡት። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ካርድ ሆነ። በማሠልጠኛ ሳለች አንድ አስተማሪ ያሳያትን ዘዴም አስተማረቻቸው፤ በካርዱ የላይኛው ጠርዝ በአንድ መስመር ስድስት ቀዳዳ ይበሳል፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የበሬ ነው እንበል። ቤቱ በሬ ካለው ቀዳዳው እንደተበሳ ይተዋል። ከሌለው ቀዳዳው እስከ ጠርዙ በምላጭ ተቀድዶ አፉ ይከፈታል። ከዚያ ካርዶቹ ሁሉ ተደራርበው በበሬው ቀዳዳ ወስፌ ይሰደድና ብድግ ይደረጋል። በሬ ያላቸው ቤቶች ወስፌው ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ የሌላቸው ይረግፋሉ።

መጀመሪያ የሞከሩት ቀን ልጆቹ እልል አሉ። ከመቶ ሠላሳ አንድ ካርድ ሃያ ስድስቱ ጠረጴዛው ላይ ረገፉ።

«እትዬ፣ አንድ ባንድ ሳናነብ አወቅነው!» አለች ፈትለወርቅ።

ሰኞ ይህ ሆነ፤ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የሻረግን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አስጠሯት። ያስጠሯት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፤ የደብሩ መሪጌታ፣ በአገሩም የተፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ። ገበሬዎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ቆጠራ ሲባል ግብር ነው፣ ወይም ወታደር ምልመላ ነው፤ ሌላ ሆኖ አያውቅም።

«ልጄ፣» አሉ መሪጌታ፣ «ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር ምን እንደመጣ ታውቂያለሽ? ሰባ ሺህ ሰው በመቅሠፍት አለቀ።»

«አውቃለሁ፣ መሪጌታ። ዳዊት ያስቆጠረው ግን ሰይፍ የሚመዝዘውን ነው። እኔ ልጆቹ ሒሳብ እንዲገባቸው ብዬ ነው።»

«የቆጠርሽበትን ምክንያት አንቺ ታውቂዋለሽ። ኋላ የሚያነበው ሰው ግን አንቺን አይጠይቅሽም።»

«ወረቀቱ ከክፍሌ አይወጣም» አለች የሻረግ። በሰው ሁሉ ፊት ነበር ያለችው።

መሪጌታ «እንዳፍሽ ያድርገው» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቷት።

ያ ዓመት ደስ የሚል ዓመት ነበር። ልጆቹ ካርዱን ወደ ሠንጠረዥ፣ ሠንጠረዡን ወደ ግራፍ መለወጥ ለመዱ። ቀለም ስለሌለ በከሰል፣ በቀይ አፈርና በቅጠል ጭማቂ ይቀቡ ነበር። የገብሱ አምድ ቀይ፣ የስንዴው አረንጓዴ፣ የባቄላው ጥቁር ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አንድ ቀን የአሥር ቤቶችን በሬ ሲሥሉ ፈትለወርቅ ከሰሏን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«እትዬ፣ ምንም ለሌለው ቤት ምን ይሣላል?»

«ዜሮ ነው። ምንም አይሣልም።»

«ታዲያ የሚያየው ሰው ቤቱ መኖሩን በምን ያውቃል?»

የሻረግ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «ከሥሩ ስማቸውን ጻፊ፤ ከላይ ደግሞ ዜሮዋን አስቀምጪ። ባዶውም ይነበባል» አለቻት። ልጅቷም ጣቷን በምራቋ አርሳ የቆሸሸውን ጠርዝ አጠራችና በጥንቃቄ ጻፈች።

የ1976 ክረምት ሳይገባ ወጣ። ሰኔን ጠበቁ፤ ሐምሌ አቧራ ሆኖ አለፈ። ነሐሴ ላይ ሁለት ቀን የዘነበው የተዘራችውን አታልሎ አወጣትና ጸሐይ መታት። በመስከረም 1977 ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ክረምቱ ሁሉ በእንቅልፍ እንዳለፈባቸው ያህል ፈዘው መጡ። የሻረግ ካርዶቹን እንዲያድሱ አዘዘቻቸው፤ «ያልታደሰ ካርድ ይዋሻል» የሚለውን አስተምራቸዋለች። በየሳምንቱ አፉ የሚከፈተው ቀዳዳ በዛ። ወስፌውን ባነሡት ቁጥር የሚረግፈው በረከተ። አሁን እልል የሚል አልነበረም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የንጉሴ በሬ ሞተ። ንጉሴ ያለው አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ ከጎረቤቱ ከተሻገር በሬ ጋር እየተቀናጀ ነበር የሚያርሰው። መኖ ጠፍቶ የጎጆውን ክዳን ሣር እየመዘዘ እስከ መስጠት ደርሷል። የሻረግ ጠዋት ስትወጣ ንጉሴን ከበሬው ራስ አጠገብ ኩርምት ብሎ አየችው።

ያን ዕለት ከእረፍት በኋላ ፈትለወርቅ ዓይኗ አብጦ ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«እትዬ፣ ምላጩን ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ካርዳችን ውሸት ሆኗል።»

የሻረግ ሰጠቻት። ልጅቷ የቤታቸውን ካርድ ከመሐል ፈልጋ አወጣችና ቀዳዳውን ራሷ ቀደደች። እህሉም እንደማያደርስ ታውቃለችና ያንንም ቀደደች። ከዚያ ካርዱን ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ መለሰች።

ኅዳር ላይ የሻረግ አንድ ነገር ወሰነች። ርሃቡን ሁሉም ያወራል፤ የሚያወራውን ግን ወገዳ ላይ የሚሰማ አልተገኘም። «ገበሬ መቼ ጠግቤያለሁ ብሎ ያውቃል» ይባላል። ግራፍ ግን አያለቅስም፣ አያጋንንም፤ ያለውን ብቻ ያሳያል። የዓምናውንና የዘንድሮውን አምድ ጎን ለጎን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሣለች፤ የሚቀሩ ተማሪዎችንም ቁጥር በየወሩ ጨመረችበት። ወረቀቱን ጠቅልላ ወገዳ ሄደች። ለመሪጌታ የሰጠችውን ቃል አልረሳችውም። ካርዶቹን አልወሰድኩም፣ ወረቀት ብቻ ነው፣ ለራሳቸው ለሰዎቹ ነው እያለች በመንገድ ሁሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች።

የተቀበላት ጓድ ቢሻው የሚባል፣ ገና ከሌላ ቦታ የመጣ ካድሬ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው፤ ዝቅ ብሎም አየው።

«ይህን የሠራው ማነው?»

«የአምስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።»

«ስም ዝርዝሩስ አለ?»

«ካርድ አለን። የእያንዳንዱ ቤት።»

ቢሻው ተነሥቶ እጇን ጨበጣት። «ጓድ የሻረግ፣ ከአንቺ ሌላ እንዲህ አድርጎ የነገረን የለም። እንመጣለን» አላት። በዚያ አመድ በሆነ መንገድ ስትመለስ እግሯ ቀለላት።

በእርግጥም መጡ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ቢሻው ከሁለት ታጣቂ ጋር ክፍሏ ድረስ መጣ። ልጆቹን ወደ ውጭ አስወጡና ካርዶቹን እንድታሳየው ጠየቃት። እርዳታው ለማን እንደሚገባ ማወቅ አለብን አላት። የሻረግ መቶ ሠላሳ አንዱን ካርድ ደርድራ፣ በበሬው ቀዳዳ ወስፌውን ሰድዳ ብድግ አደረገችው። ሰማንያ ሁለት ቤት ረገፈ። የረገፉትን ሰብስባ ደግሞ በእህሉ ቀዳዳ ሰደደች። ስልሳ አራት ረገፈ። ቢሻው «ድንቅ ነው» አለ። እሷም፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ኩራት ተሰማት። ከላይ የወደቀችው ካርድ የፈትለወርቅ ጽሑፍ ነበረች፤ «ንጉሴ፣ ካሰች፣ ፈትለወርቅ፤ ሦስት ሰው» ትላለች። እንኳን ወደቀች፣ እህል ይደርሳቸዋል ስትል አሰበች።

ቢሻው ስሞቹን በወደቁበት ተራ ገለበጠ።

«እህሉ መቼ ይደርሳል?» አለችው።

«የእህል ነገር ብቻ አይደለም» አላት ብዕሩን እየከደነ። «ዘላቂ መፍትሔ ነው የታሰበላቸው።»

ቃሉ ትልቅ ስለነበር ትልቅ ነገር ይሆናል ብላ ተወችው።

ከጥምቀት በኋላ በዋለው ማክሰኞ፣ እርዳታ ሊታደል ነውና ጆንያችሁን ይዛችሁ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰብሰቡ ተባለ። ሕዝቡ ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ መጣ። ሜዳው ሲሞላ ታጣቂዎች ዙሪያውን ቆሙ። ቢሻው ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ለምለም አገር፣ ሁለት ጊዜ የሚታረስ መሬት፣ ትራክተር እንዳለ ተናገረና ስም መጥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ስም «ንጉሴ» ነበር። ሁለተኛው ተሻገር፤ የእሱም በሬ ሞቶ ነበር። የሻረግ ሦስተኛውን ከመጠራቱ በፊት አወቀችው። ካርዶቹ በወደቁበት ተራ ነበር የሚጠሩት።

ሰውን እየገፋች ቢሻው ዘንድ ደረሰች።

«ጓድ ቢሻው፣ ይህ ለእህል ነበር! ለእህል ነው ያሉኝ!»

«ጓድ የሻረግ፣ ወደ ቦታሽ።»

«እሺ፣ ልጅቷ ትቅር። ከክፍሌ አንደኛ ናት። እኔ አሳድጋታለሁ።»

ቢሻው ዝርዝሩን ዝቅ ብሎ አየ። «ሦስት ሰው ይላል» አላት። «ሦስት ሰው ይሄዳል።»

ዕቃ እንዲያነሡ ጥቂት ጊዜ ተሰጣቸው። የሻረግ ወደ ግቢው ሮጣ ስትደርስ ካሰች ድስትና አንድ ቁርበት አሥራ ጨርሳለች። ዓይኗን ቀና አድርጋ አየቻት።

«እቤታችን ያኖርንሽ ለዚህ ነበር?»

«ተይ፣ ካሱ» አላት ንጉሴ። ድምፁ አልጠነከረም። «የጻፈችው እውነት ነው። በሬ የለንም፣ እህል የለንም። ምን ዋሸች?»

ይህ ከካሰች ቃል ይልቅ ጎዳት። ፈትለወርቅ አጠገባቸው ቆማ እጆቿን ታያለች፤ ገልብጣ መዳፏን ታያለች፣ መልሳ ጀርባውን ታያለች። የሻረግ አቅፋ ሳመቻት። ልጅቷ አላቀፈቻትም፤ አላለቀሰችም።

በእግር ወደ ንፋስ መውጫ መንገድ፣ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ ለሠፈራ ወደ መተከል ነበር የሚወስዷቸው። ሰልፉ ከግራሮቹ ጀርባ እስኪሰወር ስልሳ አራቱም ቤት ወደ ኋላ እያየ ሄደ።

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ከአርባ ስድስት ልጆች የመጡት አሥራ ሰባት ናቸው። የሻረግ ጠመኔ ይዛ ቆማ ምንም ሳትጽፍ ደወል ደረሰ። መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ መጡና በሩ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ነግሬሽ አልነበረም ይሉኛል ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። እሳቸው ግን ባዶዎቹን ወንበሮች ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«ስንት ቀሩልሽ?» አሉ።

«መቁጠር ትቻለሁ፣ መሪጌታ።»

«ተይ እንጂ። የቀሩትን ቁጠሪያቸው። እነሱም ልጆች ናቸው» አሉና ሄዱ። በሰኔ እሳቸውም ዐረፉ፤ ጾም ነው ብለው የሚቀምሱትን ለሰው ይሰጡ ነበር አሉ።

መጋቢት ላይ ለሁለተኛ ዙር ካርዶቹን አዘጋጂ የሚል ወረቀት ከወገዳ መጣ። የሻረግ ካርዶቹን በሙሉ ከትምህርት ቤቱ ኋላ ወስዳ በቀትር አቃጠለቻቸው። የሳሙና ካርቶን ስለሆነ ጢሱ ሳሙና ሳሙና ሸተተ። ጠፉብኝ አላለችም፤ አቃጠልኳቸው አለች። ሰነድ በማጥፋት ተብላ ወገዳ ስድስት ሳምንት ታሰረች። ሁለተኛው ዙር ግን ካርድ የለም ብሎ አልቀረም። በገበያ ቀን ገበያውን ከበቡና በሬ ያለውንም የሌለውንም፣ ጨው ሊገዛ የመጣውንም ያገኙትን ወሰዱ። ይህን እስር ቤት ሆና ሰማች። ሳታቃጥላቸው ብትቀር ቢያንስ ባል ከሚስቱ ባልተለያየ ነበር ወይ የሚለውን ሐሳብ ያን ጊዜ ጀመረችው፤ ማብቂያም አላገኘችለትም።

ከእስር ስትፈታ እስቴ፣ አባቷ ቤት አቅራቢያ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወሯት። አንደኛ ክፍል ፊደል እንድታስቆጥር ተደረገ። በኋላ ደግሞ አራተኛ ክፍል ሒሳብ ሰጧት። ያንን ምዕራፍ ስትደርስ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሲሚንቶ እንደወረደ አስተማረች። የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም። ባል እንድታገባ አባቷ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተቀበሉ፤ ሁለቱንም እምቢ አለች።

በ1981 ጥር ላይ አንድ ሰው ቤቷን እየጠየቀ መጣ። ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ስላየችው አላወቀችውም።

«ተሻገር ነኝ» አላት። «የንጉሴ ጎረቤት፤ በሬ የምንቀናጅ።»

ከመተከል ጠፍቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ሁለት ወር በእግሩ ሄዶ ነው የመጣው። እንጀራ አቀረበችለት። ጥቂት እስኪጎርስ ጠበቀችው።

«አያ ንጉሴስ?»

«በመጀመሪያው ክረምት። ወባ ነው። ካሰችም አርባውን ሳታወጣ ተከተለችው።»

«ልጅቷስ?»

«አለች። መንደር አሥራ ሁለት ናት። ለአንድ የወሎ ሰው ድረዋት ወልዳለች።»

የሻረግ ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። «ተሻገር፣ ስማችሁን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለችው። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም ነበር።

«እናውቃለን» አላት ተሻገር፤ እንጀራውን ማየት አላቋረጠም። «አንቺን የምትረግም ካሰች ነበረች፤ እሷም ኋላ ተወችው። እኛን ያስቸገረችን ልጅቷ ናት። ወላጆቿ ከሞቱ በኋላ ወንዝ ዳር እየሄደች ‹የቀደድኩት እኔ ነኝ፣ በምላጭ የቀደድኩት እኔ ነኝ› እያለች ታለቅሳለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው ሰው የለም። ሴቶቹ ወባው ራሷ ላይ ወጥቶ ነው ብለው ጠበል አጠመቋት።»

የሻረግ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ተሻገር ብዙ ቆይቶ፣ እንደማትመለስ ሲያውቅ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወደ ጓዳው ተጣርቶ ወደ ስማዳ መንገዱን ቀጠለ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፈች። ካርዱን ያስቀደድኩሽ እኔ ነኝ፣ እውነት መጻፍ ኃጢአት አይደለም፣ ያንቺ ጥፋት የለበትም ብላ፣ በትላልቅ ፊደል፣ ልጅ እንደሚያነበው አድርጋ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ፋሲካ ላይ ሁለተኛ ጻፈች፣ ክረምቱ ሳይገባ ሦስተኛ። ራሷ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ጠየቀች። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሏት ዘመድ ጥየቃ ነው አለች፤ ምን ዓይነት ዘመድ ቢሏት መናገር አቃታት። እስቲ ቆዪ አሏት። ስትቆይ ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ደረሰ፤ አውቶቡስ ቆመ፣ ፖስታም ቆመ።

በ1982 ትምህርት ቤቱ ራሱ ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ። የሻረግ በአባቷ ቤት ሆና ምስር ትለቅማለች፣ ለጎረቤት ልጆች ማንበብ ታስተምራለች። ወደ ምዕራብ የሚያልፍ መንገደኛ ያየች ዕለት መተከል ይደርስ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። አንድ ሁለቱ እንደርሳለን ብለው ደብዳቤ ተቀብለዋታል። ይድረስ አይድረስ ግን የነገራት የለም።